ያገለገለ የእርሻ ትራክተር ከማመናችሁ በፊት እንዴት ነው የምትፈትሹት

ያገለገለ ትራክተር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ወይ ደግሞ ገዝታችሁ አሁን የእርሻ ወቅት ሲደርስ ይሄ ነገር ያዘልቀኛል ወይስ መሀል ላይ ጉድ ይሰራኛል እያላችሁ ከሆነ ይሄን አንብቡት፣ ትንሽ ረዘም ይላል። አብዛኛው ሰው ሲገዛ የሚያደርገው ምንድነው፣ ሄዶ ቁልፍ ያዞራል፣ ተነሳ፣ ጋዝ ይሰጣል፣ ጮኸ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና "አሪፍ ነው" ብሎ ዋጋ ይጀምራል። ሞተር መነሳቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ አልቆለት ጥገና የሚጠብቅ ሞተርም ቁልፍ ሲዞርለት ይነሳል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንስማማ፣ ያገለገለ ትራክተር ሆኖ ምንም የሌለበት የለም። እንከን የለውም የሚላችሁ ሰው ወይ ማሽኑን አያውቀውም ወይ እየሸወዳችሁ ነው። ስለዚ የምታገኙትን ችግር ሁሉ የሚያናድድ እና የሚያስቆም ብላችሁ ለሁለት ክፈሉት። ትንሽ ዘይት የሚያላብ ፓራዮሎ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ጎማ) ያናድዳል፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያስቆማል። የማይበራ መብራት ያናድዳል፣ አየር የሚስብ የናፍታ መስመር ያስቆማል። ከዛ ደግሞ ጥገናው ከውጪ ፈትቶ ቀይሮ የሚያልቅ ነው ወይስ ትራክተሩ ከመሀሉ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚሰራው የሚለውን አስቡበት። ፍሪሲዮን ሸራው ራሱ ብዙ ላያስወጣ ይችላል፣ ግን እሱ ጋ ለመድረስ በአብዛኛው ትራክተር ላይ ሞተሩና ካምቢዮው መለያየት አለባቸው፣ ያ ደግሞ ጉልበትም ጊዜም ቦታም ይፈልጋል። ሰው ሞተር ሞተር ይላል እንጂ በኔ እይታ በወቅት መሀል ብዙ ሰው የሚቆመው በሞተር አይደለም፣ በፍሪሲዮን፣ በሃይድሮሊክ፣ በናፍታ መስመርና በሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ በሚያስነሳው) ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ሻጩን ደውሉለትና "እኔ እስክመጣ እንዳታስነሳው" በሉት። ለምን እንደሆነ ወደታች ትረዱታላችሁ። ከዛ ምን ሲሰራ እንደቆየ ጠይቁት። ማረሻ ሲጎትት የኖረ፣ ተሳቢ ሲስብ አስፋልት ላይ የኖረ፣ ፊቱ ላይ ሎደር ታስሮለት አፈር ሲዝቅ የኖረ፣ አንድ ቦታ ቆሞ በፒቲኦ (ሞተሩ ሌላ ማሽን በሚያዞርበት የኋላ ዘንግ) የውሃ ፓምፕ ሲያዞር የኖረ፣ እነዚህ አራቱ እድሜያቸው እኩል ቢሆንም የሚያረጁበት ቦታ ይለያያል። ሎደር የነበረው ፊት ለፊት አክሰሉ፣ መሪውና ፍሪሲዮኑ ነው የሚያልቀው፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ፊትና ኋላ ፊትና ኋላ ነው። ፓምፕ ሲያዞር የነበረው ጎማው አዲስ መስሎ ሞተሩ ግን ብዙ ሰዓት የበላ ሊሆን ይችላል። ተሳቢ የሳበው ደግሞ ፍሬኑንና የላይኛው ማርሾቹን እዩለት።

ሌላው መለዋወጫ ነው። ማሽኑን ከማየታችሁ በፊት ሞዴሉን ይዛችሁ መለዋወጫ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ሂዱና የናፍታ ፊልትሮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የሃይድሮሊክ ፓምፕ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ማሲ ፈርጉሰን 135 የተመረተው ከ1964 እስከ 1975 ነው፣ ኤምቲዜድ 80 ደግሞ ከ1974 ጀምሮ ሚንስክ የወጣ ነው፣ ሁለቱም ሽማግሌ ናቸው፣ ግን እቃቸው ስለሚገኝና መካኒኩ ሁሉ ስለሚያውቃቸው ዛሬም ይሰራሉ። እቃ የማይገኝለት በጣም ወጣት ትራክተር ከነሱ የባሰ ነው። አንዳንዱ ሰው ይሄን ስነግረው አይዋጥለትም፣ አዲስ ሞዴል ሲያይ ዓይኑ ይቀላል።

ስትሄዱ ባትሪ መብራት፣ ጨርቅ፣ ጠመኔ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ካላችሁ እሱንም፣ የሚቆሽሽ ልብስ፣ ከተቻለ ደግሞ ያን ሞዴል የሚያውቅ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩን መካኒክ አላልኩም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ

እንደደረሳችሁ ከሰላምታ ቀጥሎ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቆ ካገኛችሁት ወይ ጠብቁ ወይ ሌላ ቀን ተመለሱ። የደከመ ሞተር ሞቆ እያለ ሲነሳ ጎረምሳ ነው የሚመስለው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የላላ መሆኑ፣ ካንዴላው (ለማስነሳት የሚያሞቀው) መቃጠሉ፣ ፖምፓው (ናፍታ ወደ ኖዝል የሚገፋው) መድከሙ የሚታወቀው ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሲነሳ ነው። ሻጩ "ላንተ ብዬ አሙቄ ጠበኩህ" ካለ ምናልባት ደግ ሰው ነው፣ ምናልባት ደግሞ አይደለም።

ከዛ ዙሩት። መጀመሪያ ቀለም። አዲስ ቀለም በራሱ ወንጀል አይደለም ግን በቆሻሻና በግሪስ ላይ የተቀባ፣ ጎሚኒ (የጎማ ቱቦ) እና ሽቦ ላይ ሁሉ የተረጨ ቀለም ካያችሁ ለመሸጥ የተቀባ ነው፣ ከስር ምን እንዳለ መብራት አብርታችሁ ፈልጉ። እዚህ ጋ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ አብዛኛው የእርሻ ትራክተር እንደ ጭነት መኪና ከስር የሚሸከመው ሻንሲ የለውም፣ ሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት፣ ካምቢዮውና የኋላው አክሰል እርስ በርስ በብሎን ታስረው እነሱ ራሳቸው ናቸው አካሉ። ስለዚ የሚገናኙበት መስመር ላይ ጊዜ ውሰዱ። በጨርቅ ጥረጉትና መብራቱን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አጋድማችሁ ያዙት። ስንጥቅ ካለ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፣ ዘይት ከውስጥ ቀስ እያለ ስለሚወጣ አቧራ እዛ መስመር ላይ ብቻ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፣ ጠርጋችሁት ሞተሩ ሰርቶ ስትመለሱ ያው መስመር እንደገና እርጥብ ይሆናል። ብየዳ ካለ፣ ወይም ከአራት ብሎን አንዱ ሌላ አይነት ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ቤቶች ፎንት ብረት ናቸው፣ ፎንት ብረት በደንብ መበየድ ደግሞ የሁሉም ሰው ስራ አይደለም። እኔ እዚህ ቦታ ብየዳ ካየሁ ዋጋ እንኳን አልጠይቅም።

የሞተሩን ዘይት መለኪያ አውጡ። ዲዝል ላይ ጥቁር መሆኑ ችግር የለውም። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መሀል ያለው ማሸጊያ) ወይ የከፋ ነገር ነው። ከምልክቱ በላይ ሞልቶ ናፍታ ናፍታ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ናፍታ ወደ ዘይት እየገባ ነው ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ናፍታ የምትገፋዋ ትንሿ ፓምፕ ላስቲኳ ተቀዶ ነው፣ መቀየሩ ቀላል ነው፣ ግን የቀጠነ ዘይት ይዞ ስንት ጊዜ እንደሰራ ማንም አይነግራችሁም። ሞተሩ ሁሉ አቧራና ግሪስ ሆኖ ዘይቱ ብቻ ማር የመሰለ አዲስ ከሆነም ጠርጥሩ፣ ትላንት ነው የተቀየረው፣ ለምን ትላንት?

የካምቢዮና የሃይድሮሊክ ዘይትም መለኪያ አለው፣ ብዙ ትራክተር ላይ ሁለቱ አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት። ይሄንን ሰው ይረሳል። ደጅ ዝናብ ላይ የቆመ ትራክተር በማርሽ ዘንጉ ላስቲክ ቀዳዳ ውሃ ያስገባና ዘይቱ ነጣ ይላል። ሻጩ ከፈቀደ የስር መክፈቻውን ብሎን አስፈቱት፣ ብዙዎቹ ጫፋቸው ማግኔት ነው። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ቢኖር የተለመደ ነው፣ በጣት ስታሹት ስብርባሪ ወይ መርፌ መርፌ የሚል ብረት ካገኛችሁ ግን የማርሽ ጥርስ ወይ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እየተበላ ነው።

ራዲያተሩን አሁን ቀዝቅዞ እያለ ክፈቱት፣ በኋላ ከሞቀ እንዳትነኩት ያቃጥላችኋል። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ከሆነ፣ ዝገት የበዛበት ቡናማ ውሃ ከሆነ ያዙት። እንደ ዶይች አይነት በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነ ራዲያተር የለውም፣ በሱ ፋንታ የሲሊንደሩ ክንፎች መሀል በገለባና በዘይት ጭቃ ተደፍኖ እንደሆነና አየር የሚነፋውን የሚያዞረው ቺንጊያ (ቀበቶ) እንዴት እንደሆነ እዩ።

የሰዓት ቆጣሪውን ብዙ አትመኑት። ኬብሉ ይበጠሳል፣ ዳሽቦርዱ ይቀየራል። የድሮዎቹ ሜካኒካል ቆጣሪዎች ደግሞ የሚቆጥሩት የሞተሩን ዙር ነው፣ ማለትም ፍጥነቱ ዝቅ ብሎ የሰራበት አንድ ሰዓት ቆጣሪው ላይ አንድ ሰዓት ሆኖ አይመዘገብም። ሰውነቱን አንብቡ። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ያበራል? ተሳቢ የሚያያዝበት ቀዳዳ ክብ ነው ወይስ እንቁላል ቅርፅ ሆኗል? የማንሻ ክንዶቹ ጫፍ ላይ ያሉት ኳሶች ምን ያህል ይንቀጫቀጫሉ? ቆጣሪው 2000 ሰዓት ብሎ ፔዳሉ ብረቱ ድረስ ከተበላ የምታምኑት ፔዳሉን ነው።

ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ አትዩ፣ ጎኑን ተጫኑና ስንጥቅ ፈልጉ። ብዙ ጎማ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ የምርት ቀን አለው፣ 2315 ካለ በ2015 ዓመት 23ኛው ሳምንት ማለት ነው (በፈረንጅ)። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ የሚፈነዳው ልክ ጭነት ስትጭኑበት ነው። ቸርኬው ላይ በንፋስ መሙያው ዙሪያ የበላው ዝገት ካለ ለክብደት ተብሎ ውስጡ ካልሲየም ክሎራይድ ያለው ውሃ ተሞልቶ ነበር ማለት ነው፣ ቸርኬውን ይበላዋል። አራቱም ጎማ የሚስብ ከሆነ ደግሞ የፊቱና የኋላው ጎማ ልክ በፋብሪካው ስሌት መሰረት መሆን አለበት፣ ዝም ተብሎ የተገኘ ጎማ ተገጥሞበት ከሆነ የፊቱና የኋላው እርስ በርስ እየተሳሳቡ ውስጥ ያለውን ማርሽ ይጨርሱታል፣ ከውጪ ምንም ሳይታይ።

ፊቱን በክሪክ አንሱና ጎማዎቹን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ፣ ከዛ አክሰሉ መሀሉ ላይ የሚንጠለጠልበትን ፒን በብረት ሽቅብ ግፉት። መንቀጫቀጥ አለ፣ ሁሌም አለ፣ ጥያቄው ምን ያህል ነው። ፒንና ቦኮላ (ፒኑን የሚያቅፈው ቀለበት) መቀየር ብዙ አያስፈራም። ዝም ተብሎ የተተወ ከሆነ ግን ፒኑ የሚገባበትን ቤት ራሱን ይበላና ነገሩ ሌላ ይሆናል።

አሁን አስነሱት

ካምቢዮው ዜሮ ላይ፣ አንድ ሰው ጭስ ማውጫውን እያየ፣ እናንተ ዳሽቦርዱን እያያችሁ። ጤነኛ ዲዝል ካንዴላ ካለው ካንዴላው ሞቆ፣ ከሌለውም ያለሱ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይነሳል። ሻጩ ሳይጠየቅ የኤተር ስፕሬይ ካወጣ ነገሩ ገብቷችኋል፣ ያ ሞተር ያለሱ አይነሳም። ኤተር የለመደ ሞተር ፒስተንና ፋሻውም ይጎዳል፣ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ሲረጭ ደግሞ ውስጡ ሊፈነዳ ሁሉ ይችላል።

እዚህ ጋ ሞተሪኖውን እዩት። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ወይ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እንዳይነሳ የሚከለክል ስዊች አለ። ብዙ አሮጌ ትራክተር ላይ ተበጥሶ ወይ ተዘሎ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዱ ባለቤትማ መሬት ቆሞ ሞተሪኖው ላይ በብረት አገናኝቶ ነው የሚያስነሳው። እንደዚህ ሲያደርግ ካያችሁ ከትልቁ ጎማ ፊት ዞር በሉ፣ ማርሽ ውስጥ ከነበረ ተነስቶ በላዩ ላይ ነው የሚሄደው፣ ሰው የሞተበት ነገር ነው። ከገዛችሁት መጀመሪያ የምታስተካክሉት እሱን ይሁን።

ጭሱ። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ወይ ግራጫ ጭሶ ከጠራ ሰላም ነው። ነጩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው ወይ ደግሞ ውሃ ነው፣ የራዲያተሩ ውሃ እየቀነሰ ከሄደ ውሃው ነው። ሰማያዊ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ ጋዝ ሲሰጠው ብልጭ ብሎ ከጠፋ ችግር የለውም፣ ያለ ጭነት ዝም ብሎ ጥቁር የሚተፋ ከሆነ ወይ አየር ማጣሪያው ተደፍኗል ወይ ናፍታ የሚረጩት ኖዝሎች ጥሩ አይደሉም።

አሁን የኔ የምወደው ፈተና። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ እሺ። እንደሚፈላ ድስት ክዳን እየዘለለ ከወደቀ፣ ከቀዳዳውም ጭስ ቡፍ ቡፍ እያለ ከወጣ፣ ቃጠሎው በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው ማለት ነው። እጃችሁን ወደ ቀዳዳው ጠጋ አድርጉት፣ አንድ ወጥ ለስ ያለ ነፋስ ከሆነ አጠቃላይ እርጅና ነው፣ ምት ምት ያለው ከሆነ አንዱ ሲሊንደር ነው ተለይቶ የታመመው። አንዳንድ ሞተር በዛ ቀዳዳ ዘይት ይረጫልና ፊታችሁን አርቁ። ከጎን ወደ መሬት የምትወርደዋን የመተንፈሻ ቱቦም እዩ፣ ጫፏ ዘይት እያንጠባጠበ ከሆነና ሻጩ ጎማ ሰክቶ ወደ ሌላ ቦታ አዙሯት ከሆነ ወሬው ያው ነው።

ራዲያተሩን ክዳኑን ሳትመልሱ ነበር ያስነሳችሁት ብዬ ልገምት፣ ገና ሳይሞቅ ውሃውን ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ይወጣል፣ የማያቋርጥ አረፋ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ከዛ ክዳኑን ዝጉት። ባትሪው ላይ መለኪያ አድርጉ፣ 12 ቮልት ሲስተም ከሆነ ሞተር ጠፍቶ 12.6 አካባቢ፣ ሞተር ሲሰራ 14 አካባቢ ማሳየት አለበት። ካላሳየ ዲናሞው አይሞላም፣ ከሚያስቆሙት ውስጥ ነው ግን ርካሹ።

አንድ ጥንቃቄ፣ ናፍታ መስመርም ሆነ ሃይድሮሊክ ጎሚኒ ላይ የሚረጭ ነገር ካለ በእጃችሁ አትፈልጉት። በግፊት የሚወጣ ቀጭን ፈሳሽ ቆዳ ቀዶ ይገባል፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ካርቶን ያዙበት።

ሞቆ፣ ጭኖ

እስካሁን ያየነው ሁሉ ግማሹ ነው። ትራክተር የሚታወቀው ሞቆ ጭነት ሲይዝ ነው፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ይበልጣል፣ ማረሻ ወይ የተጫነ ተሳቢ ይሰጣችሁ። ሻጩ ለዚህ እምቢ ካለ ምክንያቱን ለመስማት ጊዜ አታባክኑ።

ፍሪሲዮኑን እንዲህ ፈትሹት፣ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ፊታችሁ ሰው ሳይኖር፣ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ይዛችሁ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ልቀቁት። ሞተሩ መታነቅና መጥፋት አለበት። ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለና ትራክተሩ ዝም ካለ ሸራው አልቋል። አንዴ ብቻ አድርጉት፣ ደጋግማችሁ የሰው ፍሪሲዮን አታቃጥሉ። ብዙ ትራክተር ደግሞ ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ነው ያለው፣ ግማሽ ሲረገጥ ጉዞው ይቆማል፣ እስከ ታች ሲረገጥ ፒቲኦውም ይቆማል። ሁለቱንም ለየብቻ ሞክሩ፣ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊሞት ይችላል።

በሁሉም ማርሽ ንዱት፣ ኋላም ጭምር፣ ሳትሞክሯቸው የምትተዉዋቸው ማርሾች ናቸው ችግሩ የሚደበቅባቸው። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጋዝ ለቃችሁ በሞተር እየያዛችሁ ሞክሩት፣ ማርሽ የሚዘል ትራክተር ብዙ ጊዜ የሚዘለው እዛ ነው። ማሲ ፈርጉሰን መልቲፓወር (ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚቀይር) ያለው ከሆነ ግን ይሄን እወቁ፣ በዝቅተኛው ላይ ሲሆን ሞተሩ ቁልቁለት አይይዝም፣ ይለቃል፣ ያ ብልሽት አይደለም አሰራሩ ነው፣ ተሳቢ ጭናችሁ ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ከፍተኛው መልሱት።

ፍሬን ግራና ቀኝ ለየብቻ ነው። ማያያዣውን ፍቱና ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ አንዱን ርገጡ፣ ከዛ ሌላውን። እኩል መያዝ አለባቸው። አንዱ የማይዝ ከሆነ የኋላ አክሰሉ ዘይት ወደ ፍሬን ሸራው አፍስሶ ሊሆን ይችላል፣ ጎማው ከውስጥ በኩል በዘይት ረጥቦ እንደሆነ እዩ። ሁለቱ እኩል የማይዙ ፍሬኖች መንገድ ላይ በተያያዘ ፔዳል ሲረገጡ ትራክተሩን ወደ ጎን ነው የሚጥሉት።

ፒቲኦ። ስታንዳርዱ በደቂቃ 540 ዙር ነው፣ ዘንጉ 6 ጥርስ አለው፣ 21 ጥርስ ካለው የ1000 ዙሩ ነው። ጥርሶቹ በጣት ሲነኩ ጫፋቸው ተስሎ ከሆነ የሚገባው ዕቃ ይንሸራተታል። የሚዞር ነገር አያይዛችሁ አሰሩት፣ ስታጠፉት በአግባቡ ይቆማል ወይ የሚለውን ስሙ፣ መሸፈኛው መኖሩንም እዩ።

ሃይድሮሊኩን ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ነው የምትፈትሹት፣ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ የተበላ ፓምፕንም ይሸፍንለታል። ከባድ ዕቃ አንጠልጥሉበት፣ በዝቅተኛ ዙር ያንሳው። እየተንቀጠቀጠ፣ እየተቆራረጠ የሚያነሳ ከሆነ ፓምፑ ወይ ፊልትሮው ወይ ዘይቱ ነው። ካነሳ በኋላ ክንዱ ያለበትን ቦታ ጎኑ ላይ በጠመኔ አስምሩና ሞተሩን አጥፉት። ቀስ ብሎ ረጅም ጊዜ ወስዶ ትንሽ ቢወርድ አሮጌ ነው፣ ይቅርታ ይደረግለታል። ዓይናችሁ እያየ የሚወርድ ከሆነ ወይም ሞተሩ እየሰራ በየሰከንዱ ትንሽ ወርዶ ተመልሶ የሚነሳ፣ እስትንፋስ እንዳለው ነገር ሽቅብ ቁልቁል የሚል ከሆነ፣ የማንሻው ፒስተን ቀለበት ወይ ቫልቩ እያሳለፈ ነው። ይሄን ስታደርጉ ማንም ከስር እንዳይገባ።

እያረሰ ሳለ የሙቀቱን መለኪያ፣ የዘይት ግፊቱን፣ የሞተሩን ድምፅ ተከታተሉ። ደህና ሰርቶ ከቆየ በኋላ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ማለት፣ ጉልበት ማጣት ከጀመረ ወዲያው የናፍታ ታንኩን ክዳን ክፈቱት። ከተመለሰ ጥፋቱ የክዳኑ መተንፈሻ ነው፣ ተደፍኗል፣ ምንም የማያስወጣ ጥገና ነው። ካልተመለሰ የታንኩ ስር ቆሻሻ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይ አየር የሚስብ ማያያዣ ነው። እንደዚህ አይነት ትንሽ ነገር ስንት ትራክተር በርካሽ አሸጧል።

የዘይት ግፊቱ ሞቆ በዝቅተኛ ዙር ይውረድ፣ መውረዱ ያለ ነው፣ ግን መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ ወይ መርፌው ዜሮ ጋ ከተኛ የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ኩሽኔታዎች አልቀዋል ብላችሁ አስቡ፣ ልኩን የሞዴሉ ማኑዋል ላይ ታገኙታላችሁ።

ከዛ አጥፉትና ወዲያው በትኩሱ መልሳችሁ አስነሱት። ይሄን ማንም አይሞክረውም። ቀዝቅዞ አሪፍ የሚነሳ፣ ሞቆ ግን አልነሳ የሚል ትራክተር አለ፣ በተለይ ሲኤቪ ዲፒኤ የሚባለው የሚሽከረከር ፖምፓ ያለው ከሆነ የፖምፓው ውስጥ ተበልቶ ናፍታው ሲቀጥን ግፊት መፍጠር ያቅተዋል። ማሳ መሀል አጥፍታችሁ ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ የማይነሳው ማለት ነው።

ኤሌክትሮኒክ የበዛበት አዲስ ሞዴል ከሆነ የብልሽት ኮድ በኮምፒውተር የሚያነብ ሰው ያስፈልጋችኋል፣ የተጠፉ ኮዶች ከስራው በኋላ ይመለሳሉ፣ ስለዚ ንባቡ ከጭነቱ ፈተና በኋላ ይሁን። የጭስ ማጣሪያው ተቆርጦ ወጥቶ እንደሆነም ጠይቁ።

ሁለት ነገር ሳልረሳ። ከሹፌሩ ኋላ ያለው የመገልበጥ መከላከያ ብረት አለ ወይ? ትራክተር ላይ ሰው ከሚሞትበት ነገር ዋነኛው መገልበጥ ነው። ብረቱ ተበስቶ፣ ተበይዶ፣ ተቆርጦ አጥሮ ከሆነ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ ቀበቶውም ከሱ ጋር ነው የሚሰራው። ሌላው ወረቀት ነው፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር፣ አካሉ ላይ የተመታውና ወረቀቱ ላይ ያለው ሶስቱም አንድ ይሁኑ። ሰሌዳው አዲስ ሪቬት ካለው ወይ ቁጥሩ ዙሪያው ተፍቆ ከሆነ ሂዱ።

ከገዛችሁት በኋላ

ገና አትመኑት። ሁሉንም ዘይት፣ ሁሉንም ፊልትሮ ቀይሩ፣ የቀድሞው ባለቤት ትላንት ቀየርኩ ቢልም። ያወጣችሁትን የሞተር ዘይት ፊልትሮ በመጋዝ ቁረጡና ወረቀቱን ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ እዩት፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ አሁኑኑ ማወቁ ይሻላል። ቺንጊያና የራዲያተር ጎሚኒዎችን ቀይሩ፣ የድሮዎቹን ደህና ከሆኑ መለዋወጫ አድርጋችሁ ያዙ። የጎማ ዳዶዎችን አጥብቁ፣ ከጥቂት ሰዓት ስራ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ።

ከዛ ወቅቱ ሳይገባ፣ ለመካኒክና ለመሳሪያ ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ቢቆምም የማይጎዳ ትንሽ ስራ ስጡት። በደብተር ምን ያህል ሰዓት ሰራ፣ ስንት ዘይት ጨመርኩ፣ ስንት ውሃ ጨመርኩ ብላችሁ ጻፉ። ዘይት መብላቱ ብቻውን አያስፈራም፣ የሚበላው መጠን በየጊዜው እየጨመረ ከሄደ ነው የሚያስፈራው፣ ይሄ ደግሞ ሳይጻፍ አይታወቅም። በነዚህ ሰዓቶች የሚያስቆሙትን አንድ በአንድ አስተካክሉ፣ የሚያናድዱትን ተዉዋቸው፣ ወቅቱ ሲያልፍ ትደርሱባቸዋላችሁ። የሚነዳው ሰው ሌላ ከሆነ ደብተሩ ትራክተሩ ላይ ይኑር።

የሚነዳው ሰው ናፍታ አየር ሲገባበት እንዴት እንደሚያስወጣም መማር አለበት፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ናፍታ ጨርሶ ይቆማል ወይ ፊልትሮ ሲቀየር አየር ይገባል። ነገርየው ቀላል ነው፣ ታንኩ ላይ ናፍታ መኖሩን አይቶ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ብሎን ላላ ማድረግ፣ የናፍታ መግፊያዋን የእጅ ማንሻ አረፋ የሌለው ናፍታ እስኪወጣ ድረስ መምታት፣ ብሎኗን ማጥበቅ፣ ከዛ ፖምፓው ላይ ያሉትንም በተራቸው እንደዛው። ካልተነሳ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ዳዶዎች ትንሽ አላልቶ ሞተሪኖ መምታት ነው፣ ሲረጭ እጅ ራቅ ይበል። የእጅ ማንሻዋ ባዶ ባዶ የምትል ከሆነ ሞተሩን ትንሽ አዙሮ መሞከር ነው፣ የሚገፋት ካም ጫፉ ላይ ቆሞ ይሆናል። ለዚህ የሚሆኑትን ሁለት ቁልፎች፣ አንድ የናፍታ ፊልትሮና ጨርቅ መቀመጫው ስር አስቀምጡለት።